‹‹አባትየው እስኪመጣ እጠብቃለሁ›› ላሉን ነርስና ለሙያ ባልደረቦቻቸው

እኛ አበሾች ስንጠቋቆም አብዛኛውን ጊዜ መካኒክ ነው፣ የታክስ ሰው ነው፣ በርበሬ ከአገር ቤት የምታስመጣ ሴትዮ ነች። ዛሬ የምጠቁማችሁ ግን ገንዘብ የማይከፈልበት፣ ቀጠሮ የማይያዝለት፣ የምትወልዱበት ክፍል ድረስ የሚመጣ ነገር ነው። ምናልባት ወረቀቱ ተሰጥቷችሁ ሳታዩት ከዳይፐሩ ጋር ቦርሳ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። ሕፃን ልጅ በንዴት ተነቅንቆ እንዳይጎዳ፣ ወላጆችን ገና ከሆስፒታል ሳይወጡ የሚያስተምር ፕሮግራም ነው።

ነገሩ ሲሰሙት ይከብዳል። ‹‹እኛ? ልጃችንን? ምን በወጣን!›› የምትሉ አላችሁ። ትንሽ ታገሱኝ።

የምንኖረው ፊላደልፊያ ነው። ልጃችን ሲወለድ የባለቤቴ እናት ሊመጡ ነበር፤ ቪዛ ተከለከሉ። እኔ እናት የለኝም። ስለዚህ አራስ ጠያቂውም፣ አራስ አሟቂውም፣ ገንፎ አገንፊውም እኔ ሆንኩ። (ገንፎዬ ይጓጉላል። ባለቤቴ ግን ምንም ሳትል በላችው፣ እግዜር ይስጣት።)

ከሆስፒታል የምንወጣ ዕለት መኪናውን ላመጣ ወርጄ ነበር። በዚያ መሀል ነርሷ ይመጣሉ። ነጭ ፀጉራቸውን ወደ ኋላ የጠቀለሉ፣ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። ባለቤቴ ‹‹ለእኔ ይንገሩኝና እነግረዋለሁ›› ብትላቸው፣ ‹‹አይሆንም፣ አባትየው እስኪመጣ እጠብቃለሁ›› ብለው ወንበር ስበው ተቀመጡ። የዚያን ዕለት ወለሉ በሰው ተጨናንቋል። ኮሪደሩ ላይ ሌላ ነርስ ስማቸውን እየጠራች ነው። እሳቸው ወይ ፍንክች!

ስመለስ የስልክ አስተርጓሚ በስፒከር አስገቡልን። አንዲት አማርኛዋ ጥርት ያለ እህት ነች። አጭር ቪዲዮ አሳዩን። ከዚያ ስለ ለቅሶ ያወሩን ጀመር።

ሕፃን ከተወለደ ሁለት ሳምንት ገደማ ጀምሮ ለቅሶው እየጨመረ ይሄዳል አሉን። ሁለተኛው ወር ላይ ጣሪያ ይነካል። ሦስተኛው አራተኛው ወር ላይ ይበርድለታል። የሚብሰው ወደ ማታ ነው። ጠግቦም፣ ደርቆም፣ ተቃቅፎም ያለቅሳል። ፊቱን ሲያዩት ያመመው ይመስላል፤ ግን ጤነኛ ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ በቀን እስከ አምስት ሰዓት ያለቅሳል። ‹‹ይህ የእናንተ ጥፋት አይደለም፣ የልጁም አይደለም። ያልፋል።››

ቀጥለው ‹‹ሁሉንም ሞክራችሁ እምቢ ካለና ንዴታችሁ ከመጣ፣ ልጁን አልጋው ላይ በጀርባው አስተኙት፣ በሩን ዝጉና ውጡ። ከአምስት ከአሥር ደቂቃ በኋላ ተመልሳችሁ እዩት›› አሉ። እዚህ ላይ አስተርጓሚዋ ራሷ ቆም አለች። ‹‹እያለቀሰ ጥለውት ይውጡ ነው የሚሉት?›› ብላ መልሳ ጠየቀቻቸው። ነርሷ ‹‹አዎ፣ እያለቀሰ›› አሉ።

የኔ ምስጋና ያለው እዚህች ጋ ነው። እኛ ጋ ልጅ እያለቀሰ ዝም ማለት ነውር ነው። ጎረቤት ሰምቶ ይመጣል። አገር ቤት ግን ይህን ምክር የሚያስፈልገው ሰው ጥቂት ነው፤ ምክንያቱም እናትየው ሲያንገሸግሻት አያት ትቀበላለች፣ አክስት ታዝላለች፣ የጎረቤት ልጅ ሳትቀር አንቀልባ ይዛ ትቆማለች። እዚህ ግን አራት ግድግዳና ሁለት እንቅልፍ ያጡ ሰዎች ብቻ ናቸው። አክስትና አያት በሌሉበት የሚቀረው መላ ያው በር ዘግቶ መውጣት ነው። ይህን የሚፈቅድልን ሰው ያስፈልገን ነበር። ነርሷ ፈቀዱልን።

ለምን እንደሆነም ሳይደብቁ ነገሩን። የሕፃን ጭንቅላት ከሰውነቱ ጋር ሲነጻጸር ትልቅና ከባድ ነው፤ አንገቱ ገና አልጠናም። በኃይል ሲነቀነቅ አንጎሉ ራስ ቅሉ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይላጋል። አንጎሉን ከላዩ ሽፋን ጋር የሚያገናኙት ቀጫጭን ደም ሥሮች ይበጠሳሉ፣ ደም ይፈስሳል። ዓይኑም ከውስጥ ይደማል። ለዚህ ጥቂት ሴኮንድ በቂ ነው። እንዲህ ከተነቀነቁት ሕፃናት ከአራቱ አንዱ ገደማ ይሞታል። ከሚተርፉትም ብዙዎቹ ዓይነ ስውርነት፣ የሚጥል በሽታ፣ የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት ይዘው ያድጋሉ። ባለቤቴ በጋሪ ስናስኬደው መንገዱ ቢያንገጫግጨውስ ብላ ጠየቀች። ሳቁ። ጋሪም፣ እሹሩሩም፣ ጉልበት ላይ አስቀምጦ ማጫወትም ይህን አያመጣም፤ የምንናገረው ሰው ራሱን ስቶ በኃይል ስለሚነቀንቀው ነው አሉ።

በመጨረሻ ወረቀት ሰጡን። የሕፃን ለቅሶ ጤናማ መሆኑን፣ መነቅነቅ ምን እንደሚያደርስ መረዳታችንን የሚገልጽ ነው። መፈረም ግዴታ አይደለም። ለእናት አንድ መስመር፣ ለአባት አንድ መስመር አለው። ሁለታችንም ፈረምን።

ቤት ገብቼ ይህ ወረቀት ከየት መጣ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ነገሩ የተጀመረው ኒውዮርክ ስቴት፣ ቡፋሎ ነው። ዶክተር ማርክ ዲያስ የሚባሉ የሕፃናት አንጎል ቀዶ ሐኪም አሉ። እንዲህ ተጎድተው የመጡ ሕፃናት በመጨረሻ የሚደርሱት እንደሳቸው ካለ ሐኪም ቢላ ሥር ነው። ቀዶ ጥገናው ደግሞ የሞተውን አንጎል አይመልስም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1998 ከነርሶችና ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በምዕራብ ኒውዮርክ ስምንት ካውንቲዎች ባሉ የማዋለጃ ሆስፒታሎች ሥራውን ጀመሩ። ዘዴው ቀላል ነው። ነርስ፣ አጭር ቪዲዮ፣ አንድ ወረቀት፣ ሁለት ፊርማ። ያውም ወላጆች ልባቸው በተከፈተበት በዚያ ቀን።

በአምስት ዓመት ተኩል ውስጥ 65,205 ወረቀት ተፈርሞ ተመለሰ። ከእነዚህ ውስጥ 96 በመቶው የእናት፣ 76 በመቶው የአባት ወይም የአባት ምትክ ፊርማ ነበረበት። የአባቱን ቁጥር ልብ በሉት። ሕፃን ነቅንቀው ከሚጎዱት መካከል ወንዶች ስለሚበዙ ነው አባትን አጥብቀው የሚፈልጉት። ነርሷ ወንበር ስበው የተቀመጡበት ምክንያት ያኔ ገባኝ። ውጤቱም በ2005 ፔዲያትሪክስ በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጣ፤ በዚያ አካባቢ ከ100,000 ልደት 41.5 የነበረው የጉዳት መጠን ወደ 22.2 ወርዷል። በግማሽ ገደማ ማለት ነው።

ይህ ውጤት ከመታተሙ በፊት ዶክተር ዲያስ ወደኛ ስቴት፣ ወደ ሄርሺ መጥተው ነበር። ፔንስልቬንያም በ2002 ሆስፒታሎች ይህን ትምህርት ለወላጆች እንዲሰጡ በሕግ ደነገገች። እኛ የፈረምነው ወረቀት የዚያ ልጅ ልጅ ነው።

አሁን ደግሞ ለዛ የሌለውን ክፍል ልንገራችሁ፤ የምጠቁመውን ነገር ማሞገስ ብቻ ስለማልወድ። ፔንስልቬንያ ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ወላጆች ከፈረሙ በኋላ ጥናት ተደረገ፣ በ2017 ታተመ። የወላጆቹ እውቀት ተሻሽሏል፤ በዚህ ጉዳት ሆስፒታል የሚገቡት ሕፃናት ቁጥር ግን አልቀነሰም። ይህን ያሳተሙት ማን ይመስሏችኋል? ራሳቸው ዶክተር ዲያስና ባልደረቦቻቸው። የራስን ሥራ ለክቶ ‹‹ይህን ያህል አልሠራልንም›› ብሎ በአደባባይ መጻፍ ቀላል አይደለም። እኔ እምነቴ የጨመረው ይህን ካነበብኩ በኋላ ነው።

በሌላ በኩል ካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ከ2009 ጀምሮ ፐርፕል የሚባለውን ፕሮግራም ይሰጣሉ። ከዶክተር ሮናልድ ባር የለቅሶ ጥናትና ዩታ ውስጥ ድርጅት ካቋቋሙት ከማሪሊን ባር የመጣ ነው። ትምህርቱ ሆስፒታል ላይ አያበቃም፤ የጤና ባለሙያዎች ቤት ከገቡም በኋላ ይደግሙላቸዋል። እዚያ ሆስፒታል የሚገቡት ሕፃናት በ35 በመቶ ቀንሰዋል፣ ጥናቱ በ2018 ነው የወጣው። እንደኔ እንደኔ ለውጡ የመጣው ከድግግሞሹ ነው። አንድ ቀን የሰማውን ነገር በስድስተኛው ሳምንት ማታ ማን ያስታውሳል? ለዚሁ ፕሮግራም ደግሞ በበጎ ፈቃድ ለአራስ ሕፃናት ሐምራዊ (ፐርፕል ማለት ሐምራዊ ነው) የክር ኮፍያ የሚሠሩ ሴቶች አሉ። ለማያውቁት ልጅ ኮፍያ እየሠሩ ቁጭ የሚሉ አያቶች! እነሱንም አመሰግናለሁ። እንግሊዝ ያላችሁ ዶክተር ሱዛን ስሚዝ በ2018 ስለጀመሩት፣ አይኮን ስለሚባለው ፕሮግራም አዋላጃችሁን ጠይቁ፤ መልእክቱ ያው ነው።

ወደኛ ቤት ልመለስ። ልክ እንደተባለው፣ ከወር በኋላ ማታ ማታ አገር ይያዝልን ሆነ። አገር ቤት ስንደውል ምክሩ ጎረፈ። አንዷ ‹‹ሆዱን ነው፣ ጤና አዳም በውሃ ስጡት›› አለች። ሌላው ‹‹እንጥሉ ወርዶ ይሆናል፣ አስቆርጡለት›› አለ። ‹‹ዓይን በልቶት ነው›› ያሉም አልጠፉም። ሐኪማችን እስከ ስድስት ወር ከወተት ሌላ ምንም እንዳትሰጡት፣ እንጥሉንም ማንም እንዳይነካው ብለውናል። የለቅሶውን ጊዜ አስቀድመን ባናውቅ ኖሮ ከእነዚህ አንዱን መሞከራችን አይቀርም ነበር።

አንድ ማታ ከሥራ ስገባ ባለቤቴ አይኗ አብጦ ልጁን ሰጥታኝ ተኛች። ወተት ሰጠሁት። አስገሳሁት። ዳይፐሩን አየሁ። ትከሻዬ ላይ አድርጌ ተመላለስኩ። የቧንቧ ውሃ ከፍቼ ድምፁን አሰማሁት። ምንም። ጆሮዬ ሥር ነው የሚጮኸው። ጥርሴን ነክሼ፣ ክንዴ እየጠነከረ ሲመጣ ታወቀኝ። አልጋው ላይ በጀርባው አስተኛሁት፣ በሩን ዘግቼ ኩሽና ገባሁ፣ ሻይ ጣድኩ። ሻዩ እስኪፈላ የጎረቤቱ ቴሌቪዥን የሚለውን አዳመጥኩ። ተመልሼ ስገባ ለቅሶው ያው ነው፤ እኔ ግን ተረጋግቼ ነበር። ታቅፌው ቆየን፣ ቆየንና ተኛ።

እንግዲህ የምትወልዱ ካላችሁ፣ ነርሷ ካልመጣች እናንተ ጠይቁ። አስተርጓሚ በነጻ የማግኘት መብት አላችሁ፤ ዘመድ ያስተርጉም ቢሏችሁ እምቢ በሉ፣ ዘመድ የሚያሳፍረውን ይዘላል። አባት ይኑር። ልጁን የሚይዝ ሰው ሁሉ ይስማው፣ ሞግዚትም፣ ከአገር ቤት የመጡ አያትም፣ ማታ የሚጠብቅላችሁ የአጎት ልጅም። ‹‹ካቃተህ አስቀምጠውና ደውልልኝ፣ አልቆጣህም›› በሉት። ከሦስት ወር በታች ያለ ልጅ ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ካልጠባ ወይም ከደከመ ግን የተለመደ ለቅሶ ነው ብላችሁ አትቀመጡ፤ ሐኪም ጋ ውሰዱት። ተነቅንቋል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ወዲያው 911 ደውሉ። ሐኪም እውነቱን ካወቀ ነው ፈጥኖ መርዳት የሚችለው።

አሜሪካ ያለች አራስ ሆድ ብሷት የምታወራው ሰው ካጣች 1-833-852-6262 ቀንም ሌሊትም ይሠራል፣ ነጻ ነው፣ አስተርጓሚም ያቀርባሉ።

የነርሷን ስም ፈቃዳቸውን ስላልጠየቅኩ አልጻፍኩም። ለአለቆቻቸው ግን ስማቸውን ጠቅሰን ደብዳቤ አስገብተናል፤ ባለቤቴ በእንግሊዝኛ፣ እኔ ከሥሩ በአማርኛ። እናንተም እንዲህ ያለ ሰው ካጋጠማችሁ ጻፉላቸው። ብዙዎቹ ሆስፒታሎች የምስጋና ቅጽ አላቸው፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።