ፎርድ ሞዴል ኤ፦ በ6 ቮልት ይቆይ ወይስ ወደ 12 ይቀየር?

እ.ኤ.አ. ከ1927 እስከ 1931 የተመረተውን ፎርድ ሞዴል ኤ ለማደስ የተነሣ ሰው ይህ ጥያቄ ሳይገጥመው አይቀርም። መኪናው ከፋብሪካ የወጣው በ6 ቮልት ነው፤ ከዛሬዎቹ መኪኖች በተቃራኒ ከሻንሲው (ከመኪናው የብረት አጽም) ጋር የሚታሰረውም የባትሪው ፖዘቲቭ ነው።

ወደ 12 የሚቀይሩት ሰዎች በቂ ምክንያት አላቸው። ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ ፈጥኖ ይዞራል፣ ባትሪና አምፖልም የትም ይገኛል። ማታ ማታ ለሚነዳ ሰው ደግሞ ደህና መብራት የሕይወት ጉዳይ ነው። ግን አምፖሎቹና ለሻማው ብልጭታ ኃይል የሚሰጠው ኮይል አብረው መለወጥ አለባቸው፣ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞም አብዛኛውን ጊዜ በአዲሱ ዓይነት ባትሪ መሙያ፣ በአልተርኔተር ይተካል። ለ6 ቮልት የተሠራው ሞተሪኖ በእጥፍ ቮልት ሲመታ ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘውን ጥርስ፣ ቤንዲክሱን፣ ይጎዳል።

እኔ 6 ቮልቱን እመርጣለሁ። «6 ቮልት ደካማ ነው» የሚባለው በአመዛኙ የገመድና የዝገት ጥፋት ነው። ለተመሳሳይ ጉልበት እጥፍ አምፔር ስለሚያልፍ ቀጭን ገመድ ወይም የላላ ማሰሪያ ኃይሉን መንገድ ላይ ይበላዋል። እስቲ ከሾፌሩ እግር ሥር ያለውን የወለል ጣውላ አንሡና ባትሪውን እዩት። ገመዱ ሻንሲው ላይ የሚታሰርበት ቦታ በእድሳቱ ጊዜ ቀለም ተቀብቷል? እንግዲያው ችግሩ እሱ ነው፤ አዲስ ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ብረቱ እስኪያበራ ፋቁት፣ ለ6 ቮልት የሚሆን ወፍራም ገመድ እሰሩበት። ከዚያ የሞተሪኖውን መርገጫ በእግራችሁ ስትጫኑት ባለ 40 ፈረስ ጉልበቱ ሞተር በራሱ እርጋታ ይነሣል።