ለታሰሩ ውሾች ውሃና ጥላ የሚያደርሱት የጋርላንድ በጎ ፈቃደኞች

ደረጃ፦ ከ5 ኮከብ 4

እዚህ ቴክሳስ፣ ጋርላንድ ውስጥ፣ ሙቀት ሲበረታ ጓሮ ለታሰሩ ውሾች በነፃ የሚደርሱ በጎ ፈቃደኞች አሉ። የደወልኩላቸው ስለ ጎረቤቴ ውሻ ስለ ቦቢ ነው። ጋሼ ክፉ ሰው አይደሉም። ያደጉት ውሻ ቀን ታስሮ ማታ ለጥበቃ በሚለቀቅበት ሰፈር ነው። እዚህ ግን ቦቢ ማታም አይለቀቅም። በ100 ፋራናይት ፀሐይ ምላሱን አውጥቶ ሲያለከልክ ይውላል።

ሁለት ሴቶች መጡ። ፒክአፓቸው ላይ የእንጨት የውሻ ቤት፣ የጥላ ሸራና የማይገለበጥ የውሃ ዕቃ ጭነዋል። ጠብ ይነሳል ብዬ ፈርቼ ነበር። እነሱ ግን መጀመሪያ የጠየቁት የውሻውን ስም ነው። ጋሼ ፈታ አሉ።

እኔ ለማስተርጎም ተጠራሁ።

«ውሻ ምን ይሆናል ልጄ? አዲስ አበባ ፀሐይ የለም እንዴ?»

«አለ ጋሼ፣ ግን አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ከዚህ ጋር አይገናኝም።»

አንደኛዋ ውሻ እንደኛ በላብ እንደማይበርድ፣ ዋናው መላው ማለክለክ እንደሆነ፣ አየሩ ሲሞቅና እርጥበት ሲበዛበት እሱም እንደማይበቃው አስረዳች። ከዚያ ጋሼን ቦቢ የሚተኛበትን ሲሚንቶ በመዳፋቸው እንዲነኩት ጠየቀች። ነክተው ወዲያው እጃቸውን አነሱ። ከኔ ምክር ሁሉ ያቺ ሠራች።

ሕጉን ያነሱት መጨረሻ ላይ ነው። በቴክሳስ ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ማንም ሳይኖር ውሻን ውጭ በሰንሰለት ማሰር ክልክል ነው። ጥላ፣ መጠለያና የሚጠጣ ውሃም ግዴታ ነው። ቅጣቱ ለመጀመሪያ ጥፋት እስከ 500 ዶላር ይደርሳል። ሰንሰለቱን ከ3 ሜትር በላይ በሆነ ቀላል ገመድ ቀየሩለት። ቤቱንም ከመሬት ከፍ አድርገው ከዛፉ ሥር አስቀመጡት።

አንዱን ኮከብ ለምን ቀነስኩ? ስልካቸው ቶሎ አይነሳም። መልእክት ትታችሁ ትጠብቃላችሁ፤ በዚያ ሙቀት መጠበቅ ደግሞ ያስጨንቃል። ውሻው ከተንገዳገደ ወይም ከወደቀ እነሱን አትጠብቁ፤ የከተማችሁን የእንስሳት ቢሮ ጥሩ። ዳላስ ከተማ ውስጥ ከሆናችሁ 311 ነው።

በራሪ ወረቀታቸውም በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ብቻ ነው። ይሄ ሁሉ ሐበሻ እዚህ እያለ! በነፃ ልተርጉምላችሁ ብያቸዋለሁ። እስካሁን መልስ የለም፤ ያው ስልኩ ይሆናል።