34 ጥርስ ለእንጦጦ፦ የኋላ ካሴቴን ከቀየርኩ ከወራት በኋላ

አራት ኪሎ አካባቢ እንጦጦን በሳይክል የሚወጡ ልጆች ጋር ቡና ከጠጣችሁ ወሬው ወዲያው ወደ ክብደት ይሄዳል። የሳይክሉ ክብደት። ካርቦን ፍሬም፣ ካርቦን ቸርኬ፣ ቀላል ኮርቻ፣ እገሌ ከዱባይ ያስመጣው ምናምን። እኔ የምጽፈው ከእነዚህ ሁሉ ስለሚረክስ ነገር ነው። ከገና በፊት ባለ 11 ማርሽ የሺማኖ ኤችጂ 700 ካሴት (የኋላ ጎማው ላይ ያለው የማርሽ ጥርሶች ድርድር) አስገጠምኩ፣ ትንሹ 11 ጥርስ፣ ትልቁ 34። በጋውንም ክረምቱንም አብረን አሳልፈናል፣ ስለዚህ አሁን የምለው አለኝ።

ማን እንደሚያወራችሁ እወቁ። ተወዳዳሪ አይደለሁም። ካዛንቺስ ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብዬ የምውል፣ ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ብቻ የምነዳ ሰው ነኝ። ከነሳይክሌ፣ ከነውሃዬ 85 ኪሎ አካባቢ እመዝናለሁ። ሳይክሉ ያገለገለ የአስፋልት ሳይክል ነው፣ አሉሚኒየም፣ የፊት ማርሹ 50 እና 34 ጥርስ። ከኋላ ይዞት የመጣው 11-28 ነበር።

መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ከአራት ኪሎ ስድስት ኪሎ፣ በአሜሪካ ኤምባሲ በኩል ሽሮ ሜዳ ድረስ ዳገቱ ገና ጨዋ ነው። ማውራት ይቻላል። የሀበሻ ቀሚስ ሱቆቹን አልፋችሁ ወደ እንጦጦ ማርያም ቤተክርስቲያን መውጣት ስትጀምሩ ግን ወሬው በራሱ ጊዜ ያቆማል።

ዩቲዩብ ላይ የአውሮፓ ልጆች ስለ አልፕ ዱዌዝ፣ ስለ ታዋቂው የፈረንሳይ የሳይክል ዳገት፣ ሲያወሩ እሰማለሁ። ክብር ይገባዋል። 13.8 ኪሎ ሜትር ነው፣ 21 ጠመዝማዛ፣ አማካይ ዳገቱ 8 ፐርሰንት። ትልቁ የሳይክል ውድድር ቱር ደ ፍራንስ እ.ኤ.አ. በ1952 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወጣው ጣሊያናዊው ፋውስቶ ኮፒ ነው ያሸነፈው። ርዝመቱን እንጦጦ አይደርስበትም። ግን የአልፕ ዱዌዝ መጨረሻ 1,850 ሜትር ገደማ ነው። ሌላው የፈረንሳይ ተራራ ሞን ቫንቱ ራሱ ከ1,900 ብዙም አያልፍም። እኛ አራት ኪሎ ማኪያቶ ይዘን የምንቆመው ከ2,400 ሜትር በላይ ነው እኮ! ቱሩ በታሪኩ የረገጠው ከፍተኛ ቦታ ላ ቦኔት ነው፣ 2,802 ሜትር። የእንጦጦ ተራራ ጫፍ 3,200 ገደማ ነው።

ይሄን የማነሳው ለጉራ አይደለም (ትንሽ ለጉራም ነው)። 3,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ወለል ላይ ካለው 70 ፐርሰንት አካባቢ ነው። እዚሁ ተወልዶ ያደገ ሰው ሰውነቱ ለምዶታል፣ ግን መልመድ የጎደለውን ኦክስጅን በሙሉ አይመልስም። እና አንድ ጀርመናዊ አማተር «11-28 ይበቃል» ብሎ ሲመክራችሁ እሱ የሚያስበው ሳንባው ሙሉ ሲተነፍስ ነው። ምክሩ ለሱ ልክ ነው። ለኛ አይሆንም።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። ከፊት 34፣ ከኋላ 28 ሲሆን ፔዳሉን አንድ ዙር ስታዞሩ ሳይክሉ 2.5 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ከኋላ 34 ሲሆን 2.1 ሜትር። በደቂቃ 70 ዙር ላይ የመጀመሪያው በሰዓት 10.7 ኪሎ ሜትር ያስኬዳችኋል፣ ሁለተኛው 8.8። እንደኔ 85 ኪሎ ይዛችሁ 8 ፐርሰንት ዳገት ላይ 10.7 ለመሄድ ከ210 ዋት በላይ ይጠይቃል። ለ8.8 ግን 180 አይሞላም። እኔ እዚያ ከፍታ ላይ 210 ዋት ይዤ ብዙ አልቆይም። ስለዚህ በድሮው ካሴት የነበረኝ ምርጫ ከወንበር ተነስቶ መቆም ወይም ፔዳሉን በደቂቃ 50 ዙር እየገፉ ጉልበትን መጨረስ ነበር። ጉልበት ስል የእውነቱን ጉልበት ነው፣ ያ የሚያመው።

ማርሽ አቅም አይጨምርም። ቀስ ብላችሁ እንድትሄዱ ይፈቅድላችኋል፣ አለቀ። ግን ይሄ ፈቃድ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ኪሎ የሚቀልል ሳይክል ብትገዙ እዚያው ዳገት ላይ የሚያተርፋችሁ ሁለት ዋት ቢሆን ነው። ሁለት! ለሱ የሚወጣውን ብርና ለካሴት የሚወጣውን አወዳድሩት። ቁጥር አልጽፍም፣ ዛሬ የጻፍኩት በወሩ ያስቅብኛል።

አሁን ማንም የማይነግራችሁ ክፍል። ካሴቱን ብቻ ገዝታችሁ አትሄዱም። የኋላ ዲሬለሩ፣ ያ ሰንሰለቱን ከማርሽ ማርሽ የሚያሻግረው፣ አጭር እግርና ረጅም እግር አለው። የአር7000 ትውልድ ሺማኖ 105 ዲሬለር አጭር እግሩ የሚይዘው እስከ 30 ጥርስ ነው፣ ለ34 ረጅሙ ያስፈልጋል። ሰንሰለቱም መርዘም አለበት። ካጠረ፣ ከፊት 50 ከኋላ 34 ላይ ሆናችሁ አንድ ቀን በስህተት ከቀየራችሁ ዲሬለሩን ይገነጥለዋል። እኔ ያገለገለ ረጅም እግር መርካቶ ፈልጌ አጣሁና ከውጭ በሚመጣ ዘመድ አስላክሁ። ሰንሰለቱ አዲስ ነው።

ሌላም አለ። ከካሴቱ ጋር አንዲት ቀጭን ቀለበት ትመጣለች፣ 1.85 ሚሊ ሜትር። ይሄ ካሴት የድሮው አጭር ሞዞ (ካሴቱ የሚሰካበት የጎማው መሃል) ላይም እንዲገባ ተደርጎ ስለተሠራ፣ የአስፋልት ሳይክል ባለ 11 ሞዞ ላይ ሲገባ ክፍተቱን የምትሞላው እሷ ናት። የገጠመልኝ መካኒክ የማሸጊያ ትርፍ መስላው ካርቶኑ ውስጥ ትቷታል። ቡሎኑን ጥርቅም አድርጎ አሰረና «ጨርሻለሁ ወንድሜ» አለኝ። እስከ ስድስት ኪሎ ደህና ነበር። ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ ግፊት ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ወርጄ ካሴቱን በጣቴ ስነካው ይወዛወዛል። ተመልሼ ሄድኩ፣ ቀለበቷ እዚያው ካርቶን ውስጥ ተኝታለች። ሁለት ደቂቃ ሥራ ነበር። እናም ስታስገጥሙ አጠገቡ ቁሙ፣ «አባቴ፣ ቀለበቷን አስገባህ?» በሉ፣ ቅር ይበለው።

ከተስተካከለ በኋላስ? ከሽሮ ሜዳ በላይ ተቀምጬ እወጣለሁ። ይሄን የምታክል ለውጥ በአንድ ዕቃ አይቼ አላውቅም። ፈጣን አልሆንኩም፣ ከላይ ደርሼ ግን ሰው እመስላለሁ። ዳገቱን በአንድ አተነፋፈስ ይዤ፣ ከባድ ቦታው ላይ 34 ላይ ሆኜ፣ ለቀቅ ሲል ወደ 30 መልሼ እሄዳለሁ። ማንም ያልፈኛል፣ የሚለማመዱ ሯጮች በእግራቸው ሳይቀር። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች «አይዞህ ልጄ» ይሉኛል፣ እነሱ የተሸከሙትን ሳይ አፍሬ ትንሽ እጨምራለሁ።

«የሰነፍ ማርሽ» የሚሉኝ ጓደኞች አሉኝ። ከመካከላቸው ጽጋቡ ግርማይ ካለ ዝም እላለሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እሱ ነው። ከሌለ ግን እንተዋወቃለን። ደግሞም ሺማኖ ለፕሮፌሽናሎች የሚሠራው ዱራ ኤስ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2021 ሲታደስ 11-34 ካሴት ይዞ ነው የወጣው። እነሱ ካላፈሩ እኔ ምን አገባኝ።

የምትከፍሉት ዋጋ ሜዳ ላይ ነው። 11-28 ላይ ትናንሾቹ ጥርሶች 11፣ 12፣ 13፣ 14፣ 15 እያሉ አንድ በአንድ ነው የሚሄዱት። እዚህ 11፣ 13፣ 15፣ 17 ነው። ቦሌ መንገድ ላይ በቡድን ስንነዳ፣ በተለይ ነፋስ ሲመጣ፣ 13 ይከብደኛል፣ 15 ይቀለኛል፣ የምፈልገው 14 ደግሞ የለም። መጀመሪያ ሰሞን ያበሳጫል። የካሴቱ ጥፋት አይደለም፣ በ11 ማርሽ ብቻ እስከ 34 ጥርስ ድረስ ስትዘረጋው ክፍተት የግድ ነው። ሜዳ ብቻ ለሚነዳ ወይም ለሚወዳደር ሰው አልመክረውም። ጥቂት ግራምም ይጨምራል፣ እሱ አላሳሰበኝም።

ክረምቱ እንደጠበቅሁት ነው። ከላይ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭቃ ተደባልቆ ይገባበታል፣ ካላጸዳችሁት በሳምንቱ ማርሽ ሲቀየር ያንገራግራል። በአሮጌ ጥርስ ብሩሽና በትንሽ ነጭ ጋዝ አጸዳለሁ፣ አድርቄ ዘይት እቀባለሁ። የሰንሰለት መለኪያ ግዙ፣ መለጠጡ 0.5 ፐርሰንት ላይ ሲደርስ ሰንሰለቱን ቀይሩ፣ ያለበለዚያ የተለጠጠ ሰንሰለት ካሴቱን ይበላዋል። የኔ ካሴት እስካሁን ጥርሱ ደህና ነው፣ ሰንሰለቱን ግን ነሐሴ ላይ ቀይሬያለሁ።

መውረዱ ላይ ይሄ ዕቃ ምንም አይረዳችሁም። እርጥብ አስፋልት፣ ጉም፣ አህያ፣ ድንገት የሚቆም ሚኒባስ፣ ያ የፍሬን ጉዳይ ነው፣ ሸራውን ቶሎ ቶሎ እዩት።

ማውንቴን ባይክ ያላችሁ ደግሞ ገንዘባችሁን ያዙ፣ ከዚህ የቀለለ ማርሽ አስቀድሞ ሳይኖራችሁ አይቀርም። አሮጌው 11-28 ካሴቴ ቤት ተቀምጧል፣ ንጹሕ ነው፣ ሜዳ የሚነዳ ሰው ከመጣ በነጻ እሰጠዋለሁ። ሰንሰለቱን ግን ራሱ ይግዛ።