ጅማ ላሉ እናትና አባት ኮምፒውተር ልትገዙ ነው? ታብሌት፣ ላፕቶፕና ዴስክቶፕ ሲነጻጸሩ

ኮምፒውተር ሱቅ ገብታችሁ «ለአባቴ ነው» ብትሉ፣ ሻጩ መጀመሪያ የሚያነሳላችሁ ኮር አይ ሰቨን የሚባል ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩ «አንጎል») ያለውን ነው። ቀጥሎ ጌም እንደሚያስኬድ ይነግራችኋል። ጡረታ የወጡ አባት ጌም ምን ያደርግላቸዋል?

ከዋጋ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ምን ሊሠሩበት ነው? ሁለተኛ፣ እምቢ ሲላቸው ማን ይደርስላቸዋል? ሁለተኛውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ምርጫውን የሚወስነው ግን እሱ ነው ባይ ነኝ። ቤት ያለው የእህት ልጅ ወይም የጎረቤት ተማሪ የሚያውቀው ዊንዶውስ ብቻ ከሆነ፣ ውድ ማክቡክ (ዊንዶውስ የማይጠቀመውን የአፕል ላፕቶፕ) ገዝታችሁ ብትልኩ ዳንቴል ለብሶ ሳሎን ይቀመጣል።

የኔን ፍርድ ላስቀድም። ከልጅ ጋር በቪዲዮ ማውራት፣ ስብከት ወይም መንዙማ መከታተል፣ ዜና ማየት ብቻ ከሆነ ታብሌት ይበቃል። መጻፍ፣ መዝገብ መያዝ፣ ፎቶ ማስቀመጥ ካለበት ያገለገለ የቢሮ ላፕቶፕ፣ ገመድ ካለው ማውስ ጋር። ዴስክቶፕ ለዓይንና ለወገብ ከሁሉም ይሻላል፣ ግን መብራት አያስቀምጠውም።

የብር መጠን እዚህ አልጽፍም። የምንዛሪ ተመኑ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የኤሌክትሮኒክስ ዋጋ ከወር ወር አንድ አይደለም። ቅደም ተከተሉ ግን ብዙም አይዛነፍም። መካከለኛ ታብሌትና ያገለገለ ዴስክቶፕ ከታች፣ ያገለገለ ላፕቶፕ መሃል፣ ደህና አዲስ ላፕቶፕ ከላይ።

ታብሌት

ጥቅሙ ግልጽ ነው። ማውስ የለ፣ ገመድ የለ፣ ስልክ የለመደ ሰው ግማሹን ያውቀዋል። ሲም ካርድ የሚወስደውን ምረጡ። ዋይፋይ ብቻ የሆነው ዋጋው ይቀንሳል፣ ግን ቤት ዋይፋይ ከሌለ ኢንተርኔት በፈለጉ ቁጥር ከስልክ ሆትስፖት መክፈት ሊኖርባቸው ነው። ይህ ለአንድ አዛውንት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ስክሪኑ ከ10 ኢንች አይነስ።

ካርቶኑ ላይ በተጻፈው ራም (መሣሪያው ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) አትሸወዱ። «12 ጂቢ» የሚሉ ስማቸው የማይታወቅ ታብሌቶች አሉ። ዝርዝሩ ሲነበብ እውነተኛው 4 ነው፣ የቀረው ከማስቀመጫው የተበደረ። ከማስቀመጫ የተበደረ ራም እንደ ራም አይፈጥንም።

ብዙ አዛውንቶች ታብሌት ላይ የሚቸገሩት በንክኪው ነው። ጣታቸውን ጫን አድርገው ያቆዩታል። መሣሪያው ይህንን «ረጅም ንክኪ» ብሎ ያነበዋል፤ ቴሌግራም እንዲከፈት የነኩት ይንቀጠቀጣል፣ ወይም ያልጠየቁት ዝርዝር ይወጣል። «ይሄ ነገር ተበላሽቷል» የሚባለው እዚህ ጋ ነው። አንድሮይድ ላይ የተደራሽነት ቅንብር ውስጥ ገብታችሁ የንክኪ ቆይታውን «ረጅም» ላይ አድርጉት። ችግሩ በአብዛኛው ይቃለላል።

ሌላው ትልቅ ነገር ድምፅ ነው። የጉግል ኪቦርድ ላይ ማይክራፎኗን ነክቶ በአማርኛ መናገር ይቻላል፣ እሱ ይጽፋል። ስም ላይ ይሳሳታል፣ ስርዓተ ነጥብም አይጨነቅበትም፤ ለቴሌግራም መልእክት ግን በቂ ነው። ከአንድ ገጽ በላይ መጻፍ ለሚፈልግ ሰው ግን ታብሌት አትግዙ።

ያገለገለ ላፕቶፕ

ገበያው ውስጥ የሞሉት ኤችፒ ኤሊትቡክ፣ ዴል ላቲትዩድና ሌኖቮ ቲንክፓድ ናቸው። ውጭ አገር ቢሮ ውስጥ አገልግለው የመጡ ናቸው፣ ቀድሞም ለሥራ የተሠሩ። ከአዲስ ርካሽ ላፕቶፕ ይልቅ እነዚህን እመርጣለሁ። ቲንክፓድ ደግሞ ብዙዎቹ ሞዴሎች ኪቦርዳቸው ላይ የፈሰሰ ነገር በታች እንዲወጣ መውረጃ አላቸው። ጅማ ውስጥ፣ ረከቦት ባለበት ቤት፣ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። (ስኳር ያለው ቡና ከሆነ ግን ወዲያው አጥፍቶ ባለሙያ ጋ መውሰድ ነው።)

ሱቅ ስትገቡ መጀመሪያ የምታዩት የፕሮሰሰሩን ትውልድ ነው። «ኮር አይ ሰቨን ነው» የሚለው ብቻውን ምንም አይናገርም። ከአይ 5 ወይም አይ 7 ቀጥሎ ያለውን ቁጥር አንብቡ። 8250 ከሆነ በ8 ስለሚጀምር ስምንተኛ ትውልድ ነው። 4600 ከሆነ አራተኛ። በ10፣ በ11 ወይም በ12 የሚጀምር ከሆነ ደግሞ የተሻለ። ኢንቴል ላይ ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው በጥቅሉ ከስምንተኛው ጀምሮ ያለውን ነው። ዊንዶውስ 10 ደግሞ መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። ስለዚህ ስምንተኛ ትውልድ አይ 3፣ ከአራተኛ ትውልድ አይ 7 ይበልጥባችኋል። ሻጩ ይከራከራል። ይከራከር።

ቀጥሎ ማስቀመጫው። ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፈጣን ማስቀመጫ) መሆኑን አረጋግጡ፣ 256 ጂቢ ይበቃል። የድሮው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ከሆነ ለመነሳት ደቂቃዎች ይፈጅበታል። በዚያ መሃል አባባ «አልበራም» ብለው ማብሪያውን ደግመው ይጫኑታል፣ እሱም ተመልሶ ይጠፋል። ራም 8 ጂቢ ይሁን።

ባትሪውን ሻጩ በሚነግራችሁ ሰዓት አትለኩ። ሙሉ ቻርጅ ካደረጋችሁ በኋላ ነቅላችሁ ቪዲዮ ክፈቱበትና ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። እዚያው ቡና ጠጡ። 100 የነበረው 50 ከገባ ባትሪው አርጅቷል፣ ወይ ዋጋ ይቀንስ ወይ ይቀይርላችሁ። ጅማ ውስጥ ክረምት ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ሲጀምር ላፕቶፑን ከሶኬት ነቅሎ በባትሪ መሥራት ነው የሚሻለው። ባትሪው ከሞተ ይህ ጥቅም የለም።

ኪቦርዱንም እዩት። ከጀርመን ወይም ከፈረንሳይ የመጣ ከሆነ የፊደሎቹ ቦታ ይለያል። ከቁጥሮቹ በታች ያለው መስመር ከግራ ኪው፣ ደብሊው፣ ኢ፣ አር፣ ቲ፣ ዋይ ብሎ መጀመር አለበት። አማርኛውን በድምፅ ቅርበት በእነዚሁ ቁልፎች ስለምንጽፍ፣ ቦታው ከተዛባ ለጀማሪ ድርብ ትምህርት ይሆንበታል። በቁቤ ለሚጽፉ ደግሞ መልካም ዜና፣ አፋን ኦሮሞ የተለየ ኪቦርድ አይፈልግም፣ ማንኛውም የእንግሊዝኛ ኪቦርድ ይበቃዋል።

ላፕቶፑ ላይ ያለው የጣት መዳሰሻ ለሽማግሌ እጅ አይመችም። ማውስ ግዙ። ገመድ ያለውን። ገመድ አልባው ባትሪው ሲያልቅ ማንም ሳያስተውለው ላፕቶፑ «ደርቋል» ይባላል።

አዲስ ግን ርካሽ ላፕቶፕ

«አዲስ በካርቶን» የሚለው ቃል ወላጅ ላይ ያለን ፍቅር ይነካል። 4 ጂቢ ራም እና 64 ጂቢ ማስቀመጫ ያለው ከሆነ ግን ተዉት። ማስቀመጫው ዊንዶውስና ዝማኔዎቹ ብቻ ይሞሉታል፣ ብዙዎቹ ላይ ደግሞ መቀየር አይቻልም። 8 ጂቢ ራም እና ኤስኤስዲ ያለው አዲስ መግዛት የሚችል ይግዛ፣ ምንም ክፋት የለውም።

ዴስክቶፕ

ለአንድ ዓይነት ሰው ዴስክቶፕን የሚያክል የለም። አንድ ቦታ ቁጭ ብሎ ለሚሠራ። የእድር ጸሐፊ የሆኑ ሰው አስቡ፦ የአባላት ዝርዝር፣ የወር መዋጮ፣ ቅጣት። 22 ወይም 24 ኢንች ሞኒተር ላይ ኤክሴሉ ሳያጎነብሱ ይታያቸዋል። ኪቦርዱ ሰፊ ነው፣ ቁጥሮቹ በቀኝ በኩል ለብቻቸው ተደርድረዋል። አንድ ነገር ቢበላሽ ያችን ነገር ብቻ መቀየር ነው።

ችግሩ መብራት ነው። ዴስክቶፕ ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ የባትሪ ሳጥን) አትግዙ። ዩፒኤሱ የሚሰጣችሁ ለረጅም ሥራ የሚሆን ጊዜ አይደለም፣ ሴቭ አድርጎ ለማጥፋት የሚበቃ ጥቂት ደቂቃ ነው። ብዙ ሰው ዩፒኤስ ገዝቶ ሞኒተሩን ከተራ ዲቫይደር ላይ ይሰካዋል። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩ ይሠራል፣ ሞኒተሩ ጨልሟል፤ ሴቭ ማድረጊያውን ማን ያየዋል? ሁለቱም ዩፒኤሱ ላይ ይሰኩ። ለጥገና መውሰድ ሲመጣ ደግሞ የኮምፒውተሩን ሳጥን አቅፎ ባጃጅ መሳፈር አለ። ላፕቶፕ በቦርሳ ይሄዳል።

ሁለቱን ማጋባትም ይቻላል። ላፕቶፑን ገዝታችሁ ያገለገለ ሞኒተር በኤችዲኤምአይ ገመድ ብትሰኩለት የዴስክቶፕን ስፋት ከላፕቶፑ ባትሪ ጋር ታገኛላችሁ። ኪስ ከፈቀደ እኔ የምመርጠው ይሄንን ነው።

ከገዛችሁ በኋላ

ላፕቶፕም ዴስክቶፕም ቢሆን ለወላጅ ከመስጠታችሁ በፊት ራሳችሁ አስተካክሉት። ዊንዶውስ 11 ላይ የተደራሽነት ቅንብር ውስጥ የጽሑፍ መጠን አለ፣ እስከ 225 ፐርሰንት ይሄዳል። 140 አካባቢ ጀምሩና እሳቸውን እያስነበባችሁ ከፍ ዝቅ አድርጉ። የማውሱን ቀስትም አሳድጉት፣ ቀለሙን ቢጫ ወይም ቀይ አድርጉት።

ሁለቴ ጠቅ ማድረግ ብዙዎችን ያስመርራል። በሁለቱ መሃል እጅ ትንሽ ይንሸራተታል፣ ፋይሉ ሳይከፈት ቦታውን ይቀይራል። «የት ሄደብኝ?» ይመጣል። የፎልደር አማራጮች ውስጥ ገብታችሁ አንዴ ጠቅ ሲደረግ እንዲከፈት አድርጉት፣ ተገላገላችሁ።

አማርኛውን ከቋንቋ ቅንብር ጨምሩ፣ ከውጭ የሚጫን ነገር ላያስፈልግ ይችላል። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚቀይሩት የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍና ሰፊውን ቁልፍ አብሮ በመጫን ነው። ይህችን በትልቁ ጽፋችሁ ሞኒተሩ ጠርዝ ላይ ለጥፉ።

በስልክ ዳታ የሚጠቀሙ ከሆነ የዋይፋዩን ቅንብር «የተገደበ ግንኙነት» ላይ አድርጉት። ካለዚያ ዊንዶውስ ዝማኔ ሲያወርድ የወሩን ፓኬጅ በአንድ ማታ ሊጨርሰው ይችላል፣ ጥፋቱም በእሳቸው ይሳበባል።

እናንተ አዲስ አበባ ወይም ውጭ ከሆናችሁ እዚህ ላይ ዊንዶውስ ታብሌትን ይበልጠዋል። ኩዊክ አሲስት የሚባል ፕሮግራም አለው፤ ኮዱን በስልክ ታነቡላቸዋላችሁ፣ ይፈቅዱላችኋል፣ ካላችሁበት ሆናችሁ ማውሱን ትይዛላችሁ። ታብሌት ላይ ቀላሉ መንገድ በቴሌግራም ጥሪ ስክሪን እንዲያሳዩ አድርጎ «እማዬ፣ ከላይ በቀኝ ያለውን ይንኩ» ማለት ነው። ትዕግሥት ይጠይቃል። በዚያው ግን አስጠንቅቁ፦ ከልጆቻቸው ሌላ ደውሎ ኮድ የሚሰጥ ወይም የሚጠይቅ ካለ ስልኩን ይዝጉት። ቴሌብርም ባንክም ከስልካቸው ጋር የተያያዘ ስለሆነ ኮምፒውተር ተገዛ ተብሎ ስልኩ ችላ አይባል።

አዲስ አበባ ወይስ ጅማ?

አዲስ አበባ ምርጫው ይበዛል፣ ዋጋውም አንዳንዴ ይቀንሳል። ነገር ግን ዋስትናው የሚሠራው የተገዛበት ሱቅ ሲመለስ ነው፣ ሱቁ ደግሞ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ለቻርጀርና ለባትሪ ያን ያህል መንገድ ማን ይሄዳል? ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ ጅማ ግዙ፣ ዋስትናውን በደረሰኝ ላይ አጽፉ፣ የስንት ወር እንደሆነ ጭምር።

ሲቻል ደግሞ የሚጠቀሙበትን ወላጅ ይዛችሁ ሂዱ። ሱቁ ውስጥ ወንበር ይምጣላቸው፣ መነጽራቸውን ያድርጉ፣ አንድ የዜና ገጽ ተከፍቶላቸው ጮክ ብለው ያንብቡ። ማውሱን ራሳቸው ይያዙት፣ ሻጩም እናንተም እጃችሁን ሰብስቡ። ወደ ፊት ጎንበስ ካሉ ስክሪኑ አንሷቸዋል ማለት ነው፣ ሻጩ ሌላ ያውጣላችሁ።