የጅማው የማታ የኮሪያ ቋንቋ ትምህርት፦ ገንዘቡን ያወጣል?

ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ማታ ማታ የሚሰጠውን የኮሪያ ቋንቋ ትምህርት የጀመርኩት በድራማ ፍቅር ነው። ሱቄን ዘግቼ እሄዳለሁ። አብረውኝ የሚማሩት አብዛኞቹ ለሥራ ጉዞ ፈተና የሚዘጋጁ ወጣቶች ናቸው፤ «እትዬ» እያሉ የፊት ወንበር ይለቁልኛል። እንዴት ነው እያላችሁ ለምትጠይቁኝ ሁሉ እነሆ።

መምህሩ ቃል መፍታት ያውቅበታል። ኮሪያውያን ሰውን የሚጠሩበት የራሳቸው የአገር ቃል «ሳራም» ነው፤ መኖር ከሚለው ግስ ከ«ሳልዳ» ጋር ይዛመዳል። ከዚያው ግስ ሕይወት የሚለው «ሳም» ይወጣል። ይህን ጮክ ብለን እንድንደግመው ሲያዘን ክፍሉ በሳቅ ተናጋ፤ ምክንያቱ ለአማርኛ አንባቢ አይነገርም። አንዱ ልጅ «ሳራም» የእኛው «ሰላም» ይሆን እንዴ ብሎ ጠየቀ። መምህሩ፣ ድምፅ ስለተመሳሰለ ዝምድና አይቆጠርም ብሎ ቆረጠው። ወደድኩት።

ሌላው ቃል «ኢንጋን» በሁለት የቻይና ፊደላት የተሠራ ነው፦ አንዱ «ሰው»፣ አንዱ «መካከል»። በቻይንኛ የሰዎች ዓለም ማለት ነው፤ ኮሪያ ውስጥ ግን የሰው የራሱ መጠሪያ ሆኗል። የሰውን ልጅ በሰፊው መጥቀም የሚለው «ሆንጊክ ኢንጋን» ከአገር መሥራቹ ከዳንጉን አፈ ታሪክ ጋር ይያያዛል፤ እ.ኤ.አ. በ1949 በወጣው የትምህርት ሕግም ገብቷል። ይህን ያህል የከበረው ቃል በድራማው ላይ ሰክሮ የገባን ባል መሞለጫ ነው፦ «ኢ ኢንጋና!» ትላለች ሚስት። «አንተ ሰውዬ!» የምንለው እኛ እንግዳ አይሆንብንም።

የሚያናድደኝ የሚታደለው ወረቀት ነው። በኮሪያ ፊደል «አ» ከሌላው አናባቢ የምትለየው ከቁሟ መስመር በስተቀኝ በምትወጣ አጭር ጭረት ነው። ፎቶ ኮፒው ሲደበዝዝ ጭረቷ ትጠፋና የቀረው መስመር «ኢ» ሆኖ ይነበባል፤ «ሳራም» «ሲሪም» ሆኖ አረፈው። ለቢሮው ስንናገር መልሱ ሁልጊዜ «ቀለም አልቋል» ነው። መብራት ሲጠፋም ጄኔሬተር የለም፤ የባከነው ሰዓት አይካካስም።

ፈተና ለደረሰበት ሰው አካሄዱ ይዘገያል፤ ሌላ ቦታ ይፈልግ። ቋንቋውን ለሚወድ ግን በመምህሩ ብቻ ያዋጣል። ክፍያውን ወር በወር ፈጽሙ፤ የሦስት ወር በአንድ ጊዜ ክፈሉ ቢሏችሁ እሺ አትበሉ።