ኤፕሰን ኤል 3250፦ ደሴ ላይ ከአመት በላይ ስንሠራበት

ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ትንሽ የኮፒና የፕሪንት ቤት አለችኝ፣ ይሄ ባለ ታንክ የቀለም ፕሪንተር ከገባ አመት አልፎታል። "የቱን ብራንድ ፕሪንተር ልግዛ" እያላችሁ በውስጥ ለምትጠይቁኝ ሁሉ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

እኛ ጋ ዕቃ የሚገዛው በሶስት ፕሮፎርማ ነው አይደል፣ ሶስት ወረቀት ተሰብስቦ ዝቅተኛውን ዋጋ የሰጠው ያሸንፋል፣ አለቀ። እኔ ግን ዋጋው ጋ ከመድረሴ በፊት የማጣራው ሌላ ነው፣ ቀለሙ ዛሬ ፒያሳ ወርጄ አገኘዋለሁ ወይ፣ ሲቆምስ ደሴ ወይ ኮምቦልቻ የሚፈታው ሰው አለ ወይ። እነ ጋርትነር አለም ላይ ያሉ የቴክኖሎጂ ካምፓኒዎችን አራት ሳጥን ውስጥ እየከተቱ መሪ ተፎካካሪ እያሉ ደረጃ ያወጣሉ፣ ለባንክና ለትልልቅ ገዢ ይጠቅም ይሆናል፣ ለኔ ቤት ግን ቀለም ማን እንደሚያመጣልኝ አይነግረኝም።

ዋናው ነገር መብራት ነው። ሌዘር ፕሪንተር ቶነሩን፣ ማለት የዱቄት ቀለሙን፣ ወረቀቱ ላይ የሚያቀልጠው በሙቀት ስለሆነ ሲያትም ብዙ መቶ ዋት ይጎትታል፣ ትንሿ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የምትይዘው ባትሪ) ላይ ብትሰኩት ጮሃ ጸጥ ነው የምትለው። ኤፕሰን ግን ቀለሙን ሳያሞቅ ነው የሚገፋው፣ ሲሠራ 12 ዋት አካባቢ ቢበላ ነው፣ ስለዚህ መብራት ሲሄድ ላፕቶፑና እሱ ዩፒኤሷ ላይ ሆነው የጀመርነውን ሪሰርች እንጨርሳለን፣ ሰኔ ላይ ተማሪው በር ላይ ተሰልፎ "ዛሬ ነው ማስረከቢያው" እያለ ሲለምን ይሄ ምን ማለት እንደሆነ የሠራበት ያውቀዋል።

ቀለሙ 65 ሚሊ ጠርሙስ ነው፣ ካምፓኒው ጥቁሩ 4,500 ገጽ ከለሩ 7,500 ይላል፣ ያ ግን ስስ ጽሁፍ ላለበት ገጽ ነው፣ ግራፍና ፎቶ የሞላው ሪሰርች ላይ አትጠብቁት። ታንኩ ከፊት ስለሆነ መጠኑን በአይን ታዩታላችሁ። ፎርጅድ ቀለም ከገባበት ደግሞ ወዲያው ያስታውቃል፣ በትንሽ ፎንት ያለ "ኜ" እግሩና አንገቱ ተደፍኖ ጥቁር ነጥብ ይሆናል፣ እኔ አዲስ ጠርሙስ ስገዛ መጀመሪያ የማትመው ደቃቅ የአማርኛ ገጽ ነው።

የማይመቸው? ቀርፋፋ ነው፣ ጥቁር በደቂቃ 10 ገጽ ገደማ፣ ወረቀቱን ራሱ አይገለብጥም፣ ሁለት ገጽ ስታትሙ እጃችሁ ነው የሚሠራው። ትርፍ ቀለም የሚጠጣው ፓድ ውስጥ ስለሆነ ሲሞላ ባለሙያ ነው የሚቀይረው። ታንክ ያለው ፕሪንተር ሁሉ ደግሞ ዝም ብሎ ከተቀመጠ ሄዱ፣ ቀለሙን ወረቀቱ ላይ የሚረጨው ክፍል፣ ይደርቃል፣ ለበዓል ስትዘጉ አንድ ከለር ገጽ የሚያወጣ ልጅ ተዉለት።

ደረጃ ስጥ ካላችሁኝ ለእንደኔ አይነት ቤት አንደኛ ኤፕሰን፣ ሁለተኛ የካኖን ጂ ሲሪስ። ካኖን ላይ ሄዱን ራሳችሁ አውጥታችሁ መቀየር ትችላላችሁ፣ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፣ ቀለሙ ሰፈራችሁ እንደልብ የሚገኝ ከሆነ ወደ አንደኛ አውጡት። ሌዘር ለኔ ሶስተኛ ነው፣ ጄኔሬተር ላለው ደብዳቤ ብቻ ለሚያወጣ ቢሮ ግን አንደኛ ነው፣ ወር ቢቀመጥ አይደርቅም።

ሻጩንም መዝኑት እንጂ። ጎረቤቴ ከአዲስ አበባ በቴሌግራም ረከስ ብሎ ያለ ደረሰኝ አስመጣ፣ "ዋስትና አለው አብሽር" ተብሎ፣ ማሽኑ ሲቆም ስልኩ አይነሳም። 15 ፐርሰንት ቫቱ ያማል፣ አዎ፣ ግን ያለ ደረሰኝ ምን ይዛችሁ ትከራከራላችሁ? እኔ ትንሽ ጨምሬ እዚሁ ደሴ ነው የገዛሁት፣ ሻጩ ሱቅ ውስጥ ሰክቶ ኖዝል ቼክ የሚሉትን፣ ቀለሙ በደንብ መውጣቱን የሚያሳየውን የሙከራ ገጽ አውጥቶ፣ መስመሮቹ ሳይቆራረጡ አይቼ ነው የከፈልኩት። ዋጋውን አልጽፍም፣ በየሳምንቱ ነው የሚቀያየረው፣ የምትገዙ ቀን ደውላችሁ ጠይቁ፣ ስትጠይቁም የጠርሙሱን ዋጋ አብራችሁ።