ተጓዡ ሻምፒዮን ወይስ የኒውዮርኩ?

ከቀድሞዎቹ ሁለት የፕሮፌሽናል ሬስሊንግ (የትርዒት ትግል) ሻምፒዮኖች የማን ኑሮ ይሻል ነበር? በ1948 እ.ኤ.አ. በአዮዋ የተመሠረተው የፕሮሞተሮች (የትግል ዝግጅት አዘጋጆች) ማኅበር፣ ኤንደብሊውኤ፣ አሜሪካን በግዛት ተከፋፍሎ አንድ ሻምፒዮን በጋራ ይዞ ነበር። ታጋዩ ሉ ቴዝ የሻምፒዮንነቱን ቀበቶ ይዞ ከከተማ ከተማ ሲዞር ኖረ። ደመወዝ የሚባል ነገር የለም፤ ድርሻው ከየምሽቱ የትኬት ገቢ ላይ የሚታሰብ ፐርሰንት ነው። አዳራሹ ከሞላ ጥሩ፣ ካልሞላ ግን መንገዱ ብቻ ይቀራል። ደግሞም ሻምፒዮኑ የዋስትና ገንዘብ ያስይዝ ነበር። ውጤቱ አስቀድሞ የሚወሰን ውድድር ዋስትና ምን ያደርግለታል? ሰውየው «አልሸነፍም» ብሎ ቀበቶውን ይዞ እንዳይሄድ ነዋ! ቴዝ የተመረጠውም የምር መታገል ስለሚችል ነው፤ ቀለበት ውስጥ ሊከዳው የሚደፍር አልነበረም።

የኒውዮርኩ ሻምፒዮን ብሩኖ ሳማርቲኖ ሌላ ነው። በጥር 1963 ቴዝ ያኔ ቀበቶው በእጁ የነበረውን ባዲ ሮጀርስን በቶሮንቶ ሲረታ የሰሜን ምሥራቅ ፕሮሞተሮች ውጤቱን አንቀበልም ብለው የራሳቸውን ድርጅት አቆሙ። በግንቦት ሳማርቲኖ በኒውዮርኩ አዳራሽ በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ሮጀርስን በ48 ሰከንድ ጣለው፤ የአዲሱን ድርጅት ቀበቶም እስከ ጥር 1971 አልለቀቀም። ጣሊያን ተወልዶ ያደገ ስደተኛ በመሆኑ የኒውዮርክ ጣሊያናውያን አዳራሹን ይሞሉለት ነበር። መንገዱ አጭር፣ ተመልካቹ የታወቀ። ለእኔ የሳማርቲኖ ኑሮ ይሻላል።

ችግሩ አለቃው አንድ መሆኑ ነው። ቴዝ አንዱ ፕሮሞተር ቢያጭበረብረው ሌሎች ብዙ ነበሩት። ሳማርቲኖ ግን የትኬት ድርሻዬን አጉድለውብኛል ብሎ በኋላ ፍርድ ቤት ሄዷል።